ሙርተድ ላይ የወረደው ሚሳኤል፤ ቱርክ ኤፍ-35ን እንዴት አጣች?

ጁላይ 12 ቀን 2019 (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ግዙፍ የሩሲያ አንቶኖቭ አውሮፕላን ከአንካራ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሙርተድ አየር ኃይል ጣቢያ አረፈ። ከሆዱ የወጡት ከባድ ተሽከርካሪዎች ኤስ-400 የሚባለው የአየር መከላከያ ሚሳኤል አካል ነበሩ። የቱርክ መከላከያ ሚኒስቴር ፎቶውን ወዲያው ለቀቀው። መደበቅ አልፈለገም፤ እንዲያውም ዓለም እንዲያይለት ነበር የፈለገው። በአምስተኛው ቀን ዋይት ሀውስ ቱርክ ኤፍ-35 ከተባለው የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ፕሮግራም መባረሯን አስታወቀ።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ዕቃ ግዢ ነው። የሩሲያው ኤስ-400 ይበልጣል ወይስ የአሜሪካው የአየር መከላከያ ሚሳኤል ፓትሪዮት? ኤፍ-35 የምር ከራዳር ይሰወራል? ኤስ-400 ከስንት ኪሎ ሜትር ያየዋል? ለክርክር የሚመቹ ጥያቄዎች ናቸው። ቁጥር አላቸው፤ አንዱ አሸንፎ ሌላው ይሸነፋል። የቱርክን ነገር ግን አያስረዱም። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ውሳኔውን የወሰነው የአንድ ሌሊት ፍርሃት ነው። የዚያ ሌሊት ማዕከል ደግሞ ሚሳኤሉ የወረደበት ይኸው ጣቢያ ነበር። ያኔ ስሙ ሙርተድ አልነበረም፤ አኪንጂ ይባል ነበር። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የጠፋውን ነገር እንይ። ቱርክ ለኤፍ-35 ተራ ደንበኛ አልነበረችም። በ2002 ፕሮግራሙን ከተቀላቀሉ አጋር አገሮች አንዷ ናት። 100 አውሮፕላን ልትገዛ አቅዳ ነበር። ከ900 በላይ የአውሮፕላኑ ክፍሎች የሚመረቱት በቱርክ ፋብሪካዎች ነበር። የመሃለኛው የአውሮፕላን አካል፣ የማረፊያ እግር ክፍሎች፣ የሞተሩ የውስጥ ዕቃዎች፣ አብራሪው ፊት ያለው ሰፊ ስክሪን ሳይቀር። የአውሮፓ ኤፍ-35ዎች ሞተር የሚጠገንበት ማዕከልም ኤስኪሸሂር ከተማ ላይ ታስቦ ነበር። ጁን 21 ቀን 2018 ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ወርዝ ላይ የመጀመሪያው የቱርክ ኤፍ-35 በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። የቱርክ አብራሪዎችም አሪዞና ውስጥ ሥልጠና ጀመሩ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር በእጁ የያዘ አገር ሞስኮ ምን ወሰደው?

አንካራ አሜሪካን የማታምንበት የቆየ ምክንያት አላት። በ1964 ቱርክ ቆጵሮስ ልትገባ ስትሰናዳ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለጠቅላይ ሚኒስትር ኢኖኑ ደብዳቤ ጻፉ። አሜሪካ የሰጠችውን መሣሪያ ለዚህ መጠቀም አይቻልም አሉ። ሶቭየት ኅብረት ጣልቃ ብትገባም ኔቶ ላይደርስላችሁ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ጨመሩበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ቱርክ ቆጵሮስ ገባች። በፌብሩዋሪ 1975 የአሜሪካ ኮንግረስ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ የተነሳው በ1978 ነው። ዛሬ ትልቁ የቱርክ የመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የሆነው አሴልሳን የተቋቋመው በዚያው በ1975 ነው። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የእኛም አየር ኃይል በአሜሪካ ተኮትኩቶ ያደገ ነበር። በ1977 (በእኛ 1969 ዓ.ም.) ደርግና ዋሽንግተን ሲቆራረጡ የመለዋወጫው በር ተዘጋ። የሶማሊያ ጦር የመጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የእኛ ልጆች በአሜሪካ ኤፍ-5 የሶማሊያን የሶቭየት ሚጎች ገጠሙ። በወራት ውስጥ ሶቭየት ኅብረት ራሷ ጎራ ቀይራ ሚጎቿን ወደ እኛ አጓጓዘች። የጦር አውሮፕላን የሸጠልህ አገር በማግሥቱ ምን እንደሚያደርግህ ሐረርና ድሬዳዋ ያውቁታል።

ቱርክ ሌላም ክፍተት ነበረባት። ረጅም ርቀት የሚመታ የራሷ የአየር መከላከያ ሚሳኤል አልነበራትም። የሶሪያ ጦርነት ሲከፋ በ2013 አሜሪካ፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ ፓትሪዮት አምጥተው ደቡብ ቱርክ ላይ ተከሉ። አንካራ ግን የተውሶ ሳይሆን የራሷን ፈለገች። ፋብሪካዎቿ አብረው እንዲያመርቱት፣ ቴክኖሎጂው እንዲሰጣት ጠየቀች። ዋሽንግተን ሚሳኤሉን መሸጥ እንጂ ምሥጢሩን መስጠት አልወደደችም። በሴፕቴምበር 2013 ቱርክ በ3.4 ቢሊዮን ዶላር የቻይና ሚሳኤል መረጠች። ኔቶ ተንጫጫ። ሁለት ዓመት ከተጎተተ በኋላ በኖቬምበር 2015 ተሰረዘ። ያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በደንብ ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በኦገስት 2015 አሜሪካና ጀርመን ፓትሪዮቶቻቸውን ነቅለው እንደሚወስዱ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን ደግሞ አንድ የቱርክ ኤፍ-16 ሱ-24 የተባለ የሩሲያ የጦር ጀት ሶሪያ ድንበር ላይ መትቶ ጣለ። ቱርክ ደጋግመን አስጠንቅቀናል፣ የአየር ክልላችንን ለ17 ሰከንድ ጥሷል አለች። አብራሪው ሞተ። ፑቲን ተቆጡ። የሩሲያ ቱሪስት ከአንታሊያ ጠፋ፤ የቱርክ ቲማቲም ሞስኮ እንዳይገባ ተከለከለ። ከሁሉ በላይ ግን ሩሲያ ኤስ-400ን አምጥታ ሶሪያ ውስጥ ሕመይሚም ጣቢያ ላይ ተከለች። የቱርክ አብራሪዎች ኤስ-400ን መጀመሪያ ያወቁት እንዲህ ነው፤ ወደ እነሱ አፉን ከፍቶ። በጁን 2016 የቱርኩ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ለፑቲን የይቅርታ ቃል ያለበት ደብዳቤ ጻፉ። ዕርቁ ጀመረ።

ከዚያ ጁላይ 15 ቀን 2016 መጣ።

ያን ሌሊት የመፈንቅለ መንግሥቱ ጠንሳሾች ማዘዣ ጣቢያ ያደረጉት አኪንጂን ነው። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሁሉሲ አካር ታግተው የተወሰዱት እዚያ ነው። ከእዚያ የተነሱ ኤፍ-16ዎች አንካራ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ የድምፅ ግድግዳ ሰበሩ፤ መስኮት ረገፈ። የቱርክን ፓርላማ በቦምብ መቱ። የልዩ ፖሊስ ማዕከልን መቱ። ነዳጅ በአየር ላይ የሚሞሉ አውሮፕላኖች ከኢንጂርሊክ እየተነሱ ያግዟቸው ነበር። ኢንጂርሊክ ማለት የአሜሪካ ጦርም ያለበት ጣቢያ ነው። ኤርዶዋን የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ላይ ነበሩ። ከዳላማን ተነስተው ኢስታንቡል ያረፉት የአመፀኞቹ ኤፍ-16ዎች ሰማይ ላይ እያሉ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ለመንግሥት ታማኝ የሆኑ ጀቶች የአኪንጂን ማኮብኮቢያ ደበደቡት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ።

እስቲ ራሳችንን በቤተ መንግሥቱ ቦታ እናስቀምጥ። የአንድ የኔቶ አባል አገር መሪ በገዛ አየር ኃይሉ ታደነ። የታደነውም በአሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላን ነው። የጠነሰሱት የሚላቸው ሰው፣ ቱርካዊው የሃይማኖት ሰባኪ ፈትሁላህ ጉለን፣ ያኔ የሚኖሩት አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬንያ ነበር። ዋሽንግተን ማስረጃ አምጡ አለች፤ አሳልፋ አልሰጠችም። የምዕራቡ መሪዎች አጽናኝ ቃል ዘግይቶ መጣ። ፑቲን ግን ፈጥነው ደወሉ። ኤርዶዋን ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ የውጭ ጉዟቸውን ያደረጉት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ነው፤ ኦገስት 9 ቀን።

አየር ኃይሉ ተበጠረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች ተባረሩ ወይም ታሰሩ። አውሮፕላኑ አለ፤ የሚያበረው ጠፋ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ወደ ሲቪል አየር መንገድ የሄዱ የቀድሞ የጦር አብራሪዎች እንዲመለሱ፣ እምቢ ካሉ ፈቃዳቸው እንዲነጠቅ በ2017 አዋጅ ወጣ።

በዲሴምበር 2017 የኤስ-400 ውል ተፈረመ። ዋጋው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አሁን ነጥቡ ይኸውላችሁ። ኤስ-400 ከኔቶ የራዳር መረብ ጋር አይያያዝም። ለአገር አየር መከላከያ ትልቅ ጉድለት ነው። ብቻውን የቆመ ሚሳኤል ከሌሎች ራዳሮች መረጃ ስለማይደርሰው የሚያየው በራሱ ዓይን ብቻ ነው። ግን ጠላትህ የገዛ ኤፍ-16ህ ነው ብለህ ከፈራህ፣ ከኔቶ ጋር ያልተሳሰረ መሣሪያ ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። ይህን በይፋ ያመነ የቱርክ ባለሥልጣን የለም። ሚሳኤሉን ለሩሲያም ለሶሪያም ለግሪክም ድንበር ሳይሆን ለአንካራ አጠገብ፣ ያውም ለአኪንጂ መምረጣቸው ግን ለብዙ ተንታኞች በቂ መልስ ነበር። ለእኔም እንደዚያው። በኖቬምበር 2019 ራዳሩ ሲሞከር አንካራ ሰማይ ላይ እንደ ዒላማ የተመላለሱት የቱርክ የራሷ ኤፍ-16ዎች ናቸው።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ክርክር እንምጣ፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለውና።

የአሜሪካ ሥጋት እንዲህ ነው። ኤፍ-35 ከራዳር ፈጽሞ አይጠፋም። የራዳር ሞገድ ሲያርፍበት ወደ ላኪው የሚመልሰው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው የማይታየው። ያ ትንሽ ምላሽ በየአቅጣጫው፣ በየከፍታው፣ በየሞገዱ ይለያያል። አንድ ራዳር ያንኑ አውሮፕላን በየቀኑ ሲነሳና ሲያርፍ፣ ሲዞርና ነዳጅ ሲሞላ ለዓመታት ቢያየው መልኩን ይለምደዋል። ኤስ-400 ላይ ደግሞ ለሥልጠናና ለጥገና የሩሲያ ባለሙያዎች ይመጣሉ። የአንዲት ቱርክ ምሥጢር ሳይሆን አውሮፕላኑን የገዙ አገሮች ሁሉ ምሥጢር ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው። ዋይት ሀውስ በመግለጫው ሚሳኤሉን የሩሲያ የስለላ መሣሪያ ያለው ለዚህ ነው።

የቱርክ መልስም ቀላል አልነበረም። ግሪክ ኤስ-300 አላት፤ ቆጵሮስ ከሩሲያ ገዝታው በቱርክ ተቃውሞ ወደ ቀርጤስ ደሴት የዞረው ነው። ግሪክ ደግሞ የኔቶ አባል ናት። የእስራኤል ኤፍ-35ዎችስ ሶሪያ ካለው የሩሲያ ኤስ-400 አፍንጫ ሥር ይበሩ የለ? በሰላም ጊዜ ኤፍ-35 መልኩን የሚያሳስት አንጸባራቂ አካሉ ላይ አድርጎ እንደሚበርም የታወቀ ነው። እንግዲህ የጋራ የቴክኒክ ቡድን እናቋቁምና እንመርምረው አለች አንካራ። ዋሽንግተን እምቢ አለች።

ለእኔ በዚህ ነጥብ የአሜሪካ ሚዛን ይደፋል። ከሩቅ አልፎ አልፎ ማየትና አንድ አገር ውስጥ አብሮ መኖር አንድ አይደለም። የግሪኩ ኤስ-300 የቆየ ሥሪት ነው፤ ግሪክም ያኔ ኤፍ-35 አልነበራትም። የጋራ ቡድኑን አለመቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። ማን ትክክል እንደሆነ በሰነድ እንዲቀመጥ ያልተፈለገ ያስመስላል። ቱርክ ዛሬም በዚህ ታማርራለች፤ መብቷ ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ግን የራዳሩ ነገር ብቻውን አልነበረም። የአሜሪካዊው ፓስተር አንድሩ ብራንሰን ቱርክ ውስጥ መታሰርም ነበር። በኦገስት 2018 ትራምፕ በቱርክ ብረትና አልሙኒየም ላይ ታሪፍ እጥፍ አደረጉ፤ የቱርክ ገንዘብ ሊራ አሽቆለቆለ። ብራንሰን ኦክቶበር ላይ ተለቀቀ። ኮንግረስ ውስጥ ለኤርዶዋን በጎ ቃል የሚናገር ሰው እየጠፋ ሄደ። በዲሴምበር 2018 አሜሪካ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ፓትሪዮት ልሽጥላችሁ አለች። ዘገየ። በጁን 2019 ተጠባባቂ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፓትሪክ ሻናሃን ለሁሉሲ አካር ደብዳቤ ጻፉ፤ እስከ ጁላይ 31 ሐሳባችሁን ካልቀየራችሁ አብራሪዎቻችሁ ከሥልጠና ይወጣሉ የሚል። አካር ማለት አኪንጂ ውስጥ ታግተው ያደሩት ሰው ናቸው፤ ያኔ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ኦሳካ ላይ ትራምፕ ከኤርዶዋን ጎን ተቀምጠው ቱርክ ተበድላለች፣ ጥፋቱ የኦባማ ነው አሉ። አንካራ ይህን ሰምታ ፕሬዚዳንቱ ያድኑናል ብላ ሳታስብ አልቀረችም። አንድ ሰው እንደ ቤተሰብ ስለሚያዋራህ ኮንግረስም አብሮት ነው ማለት እንዳልሆነ የገባት ዘግይቶ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ወጣ። ቱርክ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍላ አንድም ኤፍ-35 ወደ አገሯ አልገባም። የተሠሩላት አውሮፕላኖች አሜሪካ ቀሩ፤ በ2020 ስምንቱን የአሜሪካ አየር ኃይል ለራሱ ገዛቸው። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ፔንታገን ፋብሪካዎቿ በፕሮግራሙ ዕድሜ ያገኙት የነበረውን ሥራ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገመተው። አሜሪካም ዕቃውን ከሌላ ቦታ ለማሠራት ከ500 እስከ 600 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልጋት ተናገረች። እንደተባለውም ቶሎ አልተላቀቁም። ቱርክ ከተባረረች በኋላም የቱርክ ፋብሪካዎች ክፍሎቹን ለተወሰኑ ዓመታት ሲያቀርቡ ቆዩ።

ማዕቀቡ የመጣው ዲሴምበር 14 ቀን 2020 ነው። የሩሲያን መሣሪያ የሚገዙትን የሚቀጣው ሕግ ከ2017 ጀምሮ ነበረ፤ ትራምፕ ግን እያንከባለሉት ቆይተው ነበር። የተመታው የቱርክ መከላከያ ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤትና ኃላፊው ኢስማኢል ደሚር ናቸው። ሕንድም ኤስ-400 ገዝታለች፤ ያውም ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ። አልተነካችም። ቻይናን ለመገዳደር ትፈለጋለችና። ሕጉ ያው፣ ሚሳኤሉ ያው፣ ፍርዱ ለየቅል።

ቱርክ ሁለት ባላ ትከል አንዱ ሲነቀል ባንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ይዛ ነበር የሄደችው። የተነቀለው ግን የአየር ኃይሉ ምሰሶ ሆነ። በኦክቶበር 2021 ወደ ዋሽንግተን ተመልሳ 40 አዲስ ኤፍ-16ና 79 አሮጌዎችን የሚያድስ ዕቃ ጠየቀች። ኮንግረስ አገተው። የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ማግሥት ስዊድን ኔቶ ልግባ ስትል አንካራ መልሳ አገተቻት። በጃንዋሪ 2024 የቱርክ ፓርላማ የስዊድንን አባልነት አጸደቀ፤ በቀናት ውስጥ የ23 ቢሊዮን ዶላሩ የኤፍ-16 ሽያጭ ተፈቀደ። በዚያው ዕለት ግሪክ እስከ 40 ኤፍ-35 እንድትገዛ ተፈቀደላት። ለአንካራ ይህ ከማዕቀቡ በላይ የሚያም ይመስለኛል። ሁለቱን አገሮች በሚለየው ኤጂያን ባሕር ላይ ለአሥርት ዓመታት የተጠበቀው ሚዛን ተገለበጠ።

በጎ የወጣ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። አናዶሉ የተባለችው ትልቅ የጦር መርከብ አጭር ሜዳ ላይ የሚነሳውን የኤፍ-35 ዓይነት እንድትሸከም ታስባ ነበር። ኤፍ-35 ሲቀር ድሮን ተሸካሚ አደረጓት። በኤፕሪል 2023 ሥራ ጀመረች፤ በኖቬምበር 2024 ባይራክታር ቲቢ3 የተባለው ድሮን ከላይዋ ተነስቶ አረፈባት። የቱርክ ድሮን ምን ያህል ገበያ እንዳገኘ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም። ግን ድሮኑም ከሰው እጅ ነጻ አልነበረም። አዘርባጃንና አርሜንያ የተዋጉበት የናጎርኖ ካራባህ ጦርነት ጊዜ፣ በ2020፣ ካናዳ የቲቢ2 ድሮንን ካሜራ ከለከለች። የኦስትሪያው ሞተር አምራችም ሽያጩን አቆመ። ቱርኮች ወደ አገር ውስጥ ምርት ዞሩ።

ዋናው ተስፋ ካአን የተባለው ተዋጊ ጀት ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ 13 ደቂቃ ያህል። ኢንዶኔዥያ 48 ለመግዛት ተስማምታለች። ሞተሩ ግን የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤፍ-110 ነው። በሴፕቴምበር 2025 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሐካን ፊዳን የሞተሮቹ ፈቃድ ኮንግረስ ዘንድ ተይዞ እንደሚገኝ ተናገሩ። የቱርክ የራሷ ሞተር ገና በሥራ ላይ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት በኦክቶበር 2025 ከብሪታንያ ጋር በ8 ቢሊዮን ፓውንድ የ20 ዩሮፋይተር ታይፎን ውል ፈረመች። ይህንንም ጀርመን ለዓመታት ይዛው ቆይታ ነው የለቀቀችው።

ኤስ-400ስ? በኦክቶበር 2020 ሲኖፕ አጠገብ ጥቁር ባሕር ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ወዲህ በቋሚ ጥበቃ ላይ ሲውል አልታየም። በ2020 በጀት ዓመት የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ቱርክ ኤስ-400 በእጇ እስካለ ድረስ ኤፍ-35 አይተላለፍላትም። አለመጠቀም በቂ አይደለም፤ ከእጇ መውጣት አለበት። ለሦስተኛ አገር አሳልፋ ለመስጠት የሻጩን የሞስኮን ይሁንታ ትፈልጋለች። ሚሳኤሉን ለመግዛት የፑቲን ፊርማ እንዳስፈለገ ሁሉ ለማስወገድም ያስፈልጋል። ኤርዶዋን በሴፕቴምበር 2025 ዋይት ሀውስ ሲገቡ ኤፍ-35 ከአጀንዳዎቹ አንዱ ነበር። ይዘውት የወጡት ግን ተስፋ እንጂ አውሮፕላን አልነበረም።